የልብስ ሰፊው ኩላሊት

አባቴ ቤታችንን ነፃ ባወጣበት ዓመት፣ በቤቱ ውስጥ በወጉ የሚጠራ አንድም ስልክ አልነበረም።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና ጥቁሩን መስኮት ይከፍታል። ጥቁሩ መስኮት የምንለው ኮምፒውተሩ ላይ ሥዕል የሌለው፣ ነጭ ፊደል ብቻ የሚተራመስበት ገጽ ነው። አባቴ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ማሽኑ ገጽ ሙሉ ይመልስለታል። ያኔ አባቴ ደስ ይለዋል። ተማሪዎቹም ሆኑ እኛ እንዲያ አድርገን መልሰንለት አናውቅም።

የሚወደው ነገር ሊኑክስ ይባላል። "የማንም አይደለም፤ የሁላችንም ነው" ይለን ነበር። እጁ የገባውን ስልክ፣ ታብሌት፣ ቴሌቪዥን ሳይቀር፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ሶፍትዌር ሙልጭ አድርጎ ያጠፋና በምትኩ ሊኑክስ ይጭንበታል። ነፃ ማውጣት የሚለው ይህንን ነው። የእናቴ ስልክ ነፃ ከወጣ በኋላ ከመደወል በቀር ሁሉን ነገር ይችል ነበር። የደወለላት ሰው ድምፅ የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ስለሆነ፣ ሽንኩርት ስትከትፍም ልብስ ስታሰጣም ከጆሮዋ ገመድ አይጠፋም። ታብሌቱ ወደ ጎን ሲዞር ሥዕሉ ይዞራል፤ የጣት ቦታው ግን አይዞርም። ስለዚህ ላይኛውን ለመክፈት የግራውን ጎን መጫን ነበረብን፤ እኔ በዚህ በጣም ጎበዝ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ደግሞ ሶኬቱን መንቀል ነው።

"እነዚህ ኩባንያዎች እያንዳንዱ ቤት ሰላይ አስቀምጠዋል" ይላል አባቴ ጣቱን እያነሳ። "የምትበሉትን፣ የምታነቡትን፣ የምትተኙበትን ሰዓት ሁሉ ይመዘግባሉ።" እኔ ኩባንያ ማለት አንድ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። ረጅም ኮት የለበሰ፣ ከስልኩ መስታወት ጀርባ ቆሞ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ። አባቴ ደግሞ ያንን ሰውዬ ከየዕቃው ውስጥ በአንገቱ እየጎተተ የሚያስወጣ ጀግና ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ኩባንያዎቹ ያወራው አብዛኛው ልክ ነበር። ይህንንም የምጽፈው ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ ነው። የጫንኩት ግን ራሴ ነኝ፤ ፓስዎርዱንም የማውቀው እኔው ነኝ። በዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የዕቃውን ሁሉ ዋና ፓስዎርድ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር። እናቴ ስልኳ ላይ ካልኩሌተር መጨመር ብትፈልግ እንኳ ስልኩን ይዛ ጠረጴዛው ድረስ መሄድ አለባት። እሱም ዓይኑን ከጥቁሩ መስኮት ሳይነቅል "ለምን ፈለግሽው?" ይላታል። ከኩባንያው ነፃ ወጥተን ማን እጅ እንደገባን የጠየቀ አልነበረም።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ "ሊቀ ሊኑክስ" የሚል ስም አውጥታለታለች። ቂም ስላላት ነው። የሠርጓ ፎቶዎች ያሉበትን ስልክ "ትንሽ ቀርፈፍ አለብኝ" ብላ ብትሰጠው ነፃ አውጥቶ መለሰላት። ስልኩ ፈጣን ሆነ፤ ሠርጉ ግን የለም። "ኮፒ አስቀምጫለሁ፣ አትጨነቂ" ብሎ ሲከፍተው ያስቀመጠው የጥሪ ድምፆቿን ብቻ ሆኖ ተገኘ። አክስቴ "እና ባሌን እንደገና ላግባው?" ብላ ጮኸች። እኔ ከዚያ ቀን የያዝኩት ትምህርት ሌላ ነው። አባቴ ነፃ ያወጣው ነገር ሁሉ የድሮውን እንደሚረሳ ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት እናቴ ኮት ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ታብሌቱ ፊት ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ድምፅ የለም። አባቴ አጠገቧ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሌላ ኪቦርድ ሰክቶ ይጽፋል።

"አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ ታገሺኝ!"

"እየጠበቁኝ ነው እኮ።"

"ድምፁ አለ፤ መውጫው ጠፍቶት ነው እንጂ።"

እናቴ ወረቀት ላይ "አይሰማኝም" ብላ ጽፋ ለካሜራው አሳየች። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። እኔ ደግሞ አፍ አይቶ ቃል የመገመት ጨዋታ ነው ብዬ ከኋላ እስቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሰዎቹ ከስክሪኑ ጠፉ። እነሱ ከጠፉ በኋላ ታብሌቱ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት አወጣ። አባቴ ዘሎ ተነሳ፤ "ይኸው! አላልኳችሁም? ሠራ!" እኔ አጨበጨብኩ። እናቴም ፈገግ አለች። ኮቷን አውልቃ ሰቀለችና ሽንኩርቷን ወደ መክተፉ ሄደች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፈገግታ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም፤ ባላይም ይሻለኛል።

እናቴ ፋርማሲስት ናት። እኔ ስወለድ ሥራዋን ትታ ነበር፤ ያ ቃለ መጠይቅ መመለሻዋ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጣላትን መልስ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። "ከቴክኖሎጂ ጋር የሚግባባ ሰው እንፈልጋለን" ብለዋት ነበር።

ከዚያ አክስቴ መጣች። ወጥ ቤት ገብተው በሩን መለስ አደረጉት፤ እኔም ከውጭ ጆሮዬን አቆምኩ።

"ሊቀ ሊኑክስ የት ነው?"

"ራውተሩን እያናገረ ነው።"

"በይ ያዢ። በምንም ተዓምር እሱ እጅ እንዳይገባ።"

"እትዬ፣ ቢያየውስ?"

"ቢያየውማ ነፃ ያወጣዋላ! ቅዳሜ ነው ያልሽኝ?"

"ቅዳሜ ጠዋት። ብቻዬን፣ በር ተዘግቶ፣ ካሜራው ፊቴ ላይ። ሦስት ሆነው ነው የሚጠይቁኝ።"

"ቅዳሜ የሊኑክስ ማኅበሩ ጋ ስለሚሄድ ጥሩ ነው። ግን አደራሽን።"

"አውቃለሁ። ዘንድሮ ሥራ ካልያዝኩ የሙያ ፈቃዴም አይታደስም። ከዚህ በኋላ ሌላ የለም።"

እኔ ይህን ሁሉ ገጣጠምኩት። ኩባንያው አክስቴን ይዟታል፤ አክስቴ ደግሞ እናቴን አሳልፋ ሰጥታለች፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዎች በር ዘግተው ሊመረምሯት ነው። ማስረጃውንም ለማግኘት አልዘገየሁም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ "እንዳትነኪው" በተባልኩት የሞዴስ እሽግ መሀል፣ አዲስ ስልክ አገኘሁ። ነካ ሳደርገው በራ። ቶሎ ይከፈታል፤ ሥዕሉም ጣቱም እኩል ይዞራል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ሰላዩ ከነኮቱ ውስጡ አለ ማለት ነው።

አሁን ሳስበው እናቴን አደንቃታለሁ። አባቴ በዚያ ቤት ውስጥ ብሎን ያለውን ነገር ሁሉ ፈቷል፤ ያንን እሽግ ግን በእንጨትም አይነካውም። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። ግን ቢያውቅ ምን ያደርጋታል? ሰላይ የገባበትን ዕቃ የሚያክመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሙልጭ አድርጎ ያጠፋታል፤ ከዚያ እናቴ ፈጣን ትሆናለች፤ እኔን ግን አታስታውሰኝም። አልጋዬ ላይ ተገልብጬ አለቀስኩ፤ ከዚያም አፌን ለመዝጋት ወሰንኩ። አገር ሲከዳ ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

በማግስቱ ራት ላይ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠና "ሌባ ገብቷል" አለ።

እናቴ ቀና አለች። "ምን ወሰደ?"

"ኢንተርኔት።"

አባቴ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ራውተርም ነፃ ስላወጣው፣ በዋይፋያችን የሚገባውን ዕቃ ሁሉ ጥቁሩ መስኮት ላይ ያያል። ዛሬ የማያውቀው ስልክ አየ። "የዋይፋዩን ፓስዎርድ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን" አለ። "ስለዚህ ሰብሮ ነው የገባው። ይህ ተራ ሰው አይደለም።"

"ማን ይመስልሃል?" አለች እናቴ፣ ውሃ እየቀዳች።

"ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ። ከሱ በቀር ዋይፋያችን የሚደርሰው ማንም የለም።"

ከእኛ በታች፣ በመንገዱ በኩል፣ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሱቅ ነበራቸው። አባቴ እጄን ይዞ ወረደ።

"ኑ መምህር፣ ምን ልታዘዝ?" አሉ ሰውዬው የሚሰፉትን ሱሪ አቁመው።

"ስልክዎን ማየት እችላለሁ?"

ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር አንዲት ትንሽ፣ ቁጥሮቿ በመጫን ብዛት የጠፉ፣ በላስቲክ የታሠረች ስልክ አወጡ። "ይቺው ናት። ላስቲኩ ባትሪዋ እንዳይወድቅ ነው።"

አባቴ አገላብጦ አያት። "ሌላ የለዎትም?"

"ሌላ ደግሞ ለምኔ?"

ደረጃውን ስንወጣ አባቴ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ "በጣም የሠለጠነ ሰው ነው" አለኝ። "ያቺ ስልክ ሽፋን ናት።"

ወዲያው አልዘጋበትም፤ "ቢነቃብኝስ?" ብሎ ሊያጠናው ወሰነ። ስለዚህ ሌባው የሚገባባቸውን ድረ ገጾች ስም እየተከታተለ ማንበብ ጀመረ። ሰው የሚያነበውን መመዝገብ ነውር ነው ብሎ ያሳደገን ሰውዬ ከጥቁሩ መስኮት ላይ አይነሳም። ራት ላይ የደረሰበትን ይነግረናል።

"ስለ ስኳር በሽታ ያነባል" አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ "የልብ ድካምም አለበት" አለ። ከዚያም ፊቱ እያዘነ መጣ። "ዛሬ ውሎው ኩላሊት ላይ ነው። የኩላሊት መድኃኒት፣ የኩላሊት መጠን… ይሄ ሰውዬ በሕይወት መኖሩም ይገርማል።"

"እግዜር ይማረው" አለች እናቴ።

"ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጡ መድኃኒቶችም አንብቧል።"

"ለሚስቱ ይሆናላ።"

"ሚስቱ እኮ ሞታለች።"

"እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ?" ብላ ሳህን አነሳች።

ከፋርማሲስት ጋር አንድ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ነው ይህን የሚያወራው። ዲግሪዋ በፍሬም ሆኖ ከራውተሩ በላይ ተሰቅሏል። የዓለምን የመድኃኒት ዓይነት በየቀኑ እያነበበ፣ ሕመምተኛውን ምድር ቤት ይፈልጋል። እኔ ሕፃን ነኝ፤ አላወቅሁም ቢባል ያምርብኛል።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። "እንዲህ የታመመ ሰው ላይ ዋይፋይ አልዘጋም" ብሎ ተወው። እንዲያውም ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ሱቁ በር ላይ ቆም ማለት ጀመረ።

"እንዴት አደሩ? ኩላሊትዎስ?"

"ኩላሊቴ? ምን ሆነ?"

"አይዞዎት" ይልና ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ሳቁ። በማግስቱ አልሳቁም። ሳምንቱ ሲያልቅ ጎናቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው መቆም ጀምረው ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት የሊኑክስ ወዳጆች ማኅበር ስብሰባ አለው፤ ማኅበርተኞቹ ሦስት ናቸው። እሱ ሲወጣ እናቴ "ራሴን አሞኛል፣ ሚጣዬ፣ እዚህ ሆነሽ ሥዕል ሣዪ፤ እንዳታንኳኪ" ብላኝ መኝታ ቤት ገባችና ቆለፈች። ከበሩ ጀርባ ድምፆች ይሰሙኛል። ምርመራው ጀመረ ብዬ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ የውጭው በር ተከፈተ፤ አባቴ ነው። ብብቱ ሥር የሰው ላፕቶፕ ይዟል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ላፕቶፑን ለስብሰባው ብሎ አፕዴት ሲያደርገው አልነሳ ብሎት ስብሰባው ተሰርዟል። አባቴ ሊያድነው ተሸክሞት መጥቷል። ገና እንደተቀመጠ አዲስ ሊኑክስ ማውረድ ጀመረ፤ ግን አልወርድ አለው። ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አየና ደም ሥሩ ተገታተረ።

"ለበሽተኛ ብዬ አዝኜ ብተወው ጭራሽ ፊልም ማየት ጀመረ! ይኸው ኢንተርኔቱን ሙሉ ጨረሰው!"

"አባዬ ተወው" አልኩት። ለምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

"በቃ፣ ትዕግሥትም ልክ አለው" ብሎ አንድ መስመር ጻፈ። መጨረሻ ላይ አንዷን ቁልፍ በኃይል መታት።

የመኝታ ቤቱ በር ወዲያው ተከፈተ። እናቴ ከላይ ያንን ኮቷን፣ ከታች የቤት ቀሚሷን ለብሳ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። በጠረጴዛው አጠገብ አለፈች። አባቴ ቀና ብሎ አላየም።

"ሌባውን ዘጋሁበት" አላት።

"ጎሽ" አለች፣ በሩንም ከፍታ ወረደች።

አዲሱ ስልክ የራሱ ሲም ካርድ ነበረው፤ ግን በመንገዱ በኩል ካለው ሱቅ በቀር እኛ ሕንፃ ውስጥ ለቪዲዮ የሚበቃ ኔትወርክ አይይዝም። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም። የማውቀው አባቴ ድል ስላደረገ ፊቱ መብራቱን ነው። "ነይ፣ አሁን ፊቱን እንየው" ብሎ እጄን ያዘ። እኔም በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። እጁን ከለቀቅሁት እናቴን የሚያጠፋ መስመር ይጽፋል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ልብስ ሰፊው ከገዛ ሱቃቸው ውጭ፣ ደጃፉ ላይ፣ ያላለቀ ጃኬት ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ሲያዩን ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አባቴ ገፋ አድርጎ አለፋቸው።

"ሰማህ አንተ ሰው…" ብሎ ጀመረና አልጨረሰም። የሚናገረው ለባዶ ወንበር ነበር።

እናቴ ከተሰቀሉት ልብሶች ሥር፣ የደንበኛ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩን የክር ጥቅል አስደግፋዋለች። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። አንዲት ሴት "ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?" አለች።

እናቴ ዓይኗን ከካሜራው አልነቀለችም።

"ደንበኛ ነው" አለች። "ልብስ ሊወስድ መጥቶ ነው።"

"እባክዎ እንዲወጣ ያድርጉልን።"

ልብስ ሰፊው ከኋላ ገብተው አባቴን ክንዱን ያዙና ቀስ ብለው "ማክሰኞ ይመለሱ" አሉት። አባቴም ወጣ።

እኔ በሙሉ ልቤ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ እናቴ አባቴን ኩባንያው እንዳይዘው ብላ እንደማታውቀው ሆነች፤ ራሷን ሰጥታ አዳነችው። እንባዬ መጣ። ይህን ታሪክ ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማስታውሰው። ያዳነችው እሱን ሳይሆን ከሱ እጅ የተረፈውን ቃለ መጠይቅ መሆኑን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እየሳቀች።

ደጅ ቆመን የእናቴ ድምፅ በደንብ ይሰማናል። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ አትቸኩልም፣ አትለማመጥም። "በሽተኛው ኩላሊቱ ከተዳከመ መጠኑን እቀንሳለሁ፤ በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስደውም አራርቀዋለሁ" ትላለች። ስኳርም ካለበትስ? ይሏታል። ትመልሳለች። የልብ ድካምስ? ትመልሳለች። ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? "ያንን መድኃኒት ፈጽሞ አልሰጣትም" ትላለች።

የአባቴ ከንፈር አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስኳር፣ ልብ፣ ኩላሊት። ፊቱ ላይ የነበረው ድል በየበሽታው እየቀነሰ ሄደ።

ልብስ ሰፊው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "መምህር፣ የሚያወሩት ስለኔ ነው እንዴ?"

"አይደለም" አለ አባቴ። "እርስዎ ምንም የለብዎትም።"

"እንዴት ምንም የለብኝም? ሲያመኝ ነው እኮ የሰነበተው!"

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። እንዲያ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላው፤ አሁንም ሳስበው ይበላኛል። ሚስቱን ለሳምንት ሙሉ ተከታትሎ፣ ያነበበችውን ሁሉ አንብቦ፣ አላወቃትም።

እናቴ ወጣች። ኮቷ ላይ ብጫቂ ክር ተጣብቋል። እኔ ዓይኗን እያየሁ፣ ታስታውሰኝ አታስታውሰኝ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

"ሚጣ፣ ጫማሽ ለምን አልታሠረም?" አለችኝ።

እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ጎንበስ ብላ አሠረችልኝ። ለምን እንዳለቀስኩ አልጠየቀችኝም። ሥራውን ማግኘቷን የሰማችው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ሆኖም ፊቷ ስልኩን ወደ ሞዴስ እሽግ የሚመልስ ሰው ፊት አልነበረም። ኮቷ ኪስ ውስጥ፣ ግማሹ እየታየ ከተተችው።

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። ብዙ ሊናገር አስቦ እንደነበር ያስታውቃል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት በመጨረሻ። "ብትነግሪኝ እኮ እኔው ራሴ አስተካክልልሽ ነበር።"

እናቴ የኮቷን ክር እያራገፈች አየችው።

"ለዚህ ነው ያልነገርኩህ" አለችና ደረጃውን ወጣች።